ላስነቅል ወይስ ላሳይ

ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠናል። ሐምሌ ነው፤ የጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። አክስቴ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ግራ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋለች። አራት ሌሊት አልተኛችም። ነጭ ሽንኩርት ወትፋለች፣ ቅርንፉድ ነክሳለች፣ የጎረቤት አረቄ ሳይቀር ተጉመጥምጣለች። በቅርንፉዱ ልስቅባት ነበር፤ ግን ክሊኒኩ ራሱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። እኔ የምኖርበት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው ጥርስ ሐኪም ቤትም ሽታው ይኸው ነው። ከቅርንፉድ የሚወጣውን ዘይት ሐኪሞቹም ሕመም ለማስታገስና ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል። እኛ እንዳለ፣ እነሱ አጣርተው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በትንሿ መስታወት አየችና ወንበሩን ትንሽ ቀና አደረገችው።

«እማማ፣ ይሄ ጥርስ ይድናል። ስሩን ጠርጌ እሞላዋለሁ።»

«ንቀይልኝ ልጄ። ልገላገል።»

«አብሽሩ፣ አደንዝዤው ነው የምሠራው፤ አያምዎትም።»

«ንቀይልኝ አልኩሽ እኮ!»

እኛ ዘንድ ዓይኑን ያመመው ሰው «ላሳይ» ይላል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ያሳያል። ሆዱን ያመመው «ልታይ» ብሎ ይወጣል። ጥርሱን ያመመው ግን ፍርዱን እቤቱ ጨርሶ፣ ኮፍያውን አጥልቆ፣ «ላስነቅል» ብሎ ነው ከደጁ የሚወጣው። ለሐኪሙ የቀረው ፍርዱን ማስፈጸም ብቻ ነው። ጥርሱን ሳያመው ጥርስ ሐኪም ጋ የሄደ የሰፈሬ ሰው ትዝ አይለኝም።

እዚህ ላይ ዲያስፖራነቴ መጣብኝ። «አሜሪካ እኮ...» ብዬ ልጀምር ነበር። ልናገር የነበረው ሐሰት አይደለም። ቢሮ እሠራ በነበረበት ጊዜ በየስድስት ወሩ እሄድ ነበር። ጥርስ የምታጥበዋ ባለሙያ በድዴና በጥርሴ መካከል ሚሊ ሜትር የተቀረጸባት ቀጭን ዘንግ እየሰደደች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራለች፦ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት። እስከ ሦስት ደህና ነው። አራትና ከዚያ በላይ ሲሆን ድዱ ከጥርሱ እየሸሸ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን ምንም አላመመኝም። ከዚያ በቡሩሽ የማይለቀውን፣ ጥርስ ላይ ድንጋይ የሆነውን ቆሻሻ ትፈቀፍቃለች፤ በጥርስና በጥርስ መካከል የተደበቀውን ቀዳዳ በራጅ ታያለች፤ ምላሴን በጨርቅ ይዛ ካንሰር የሚመስል ቁስል እንዳለ ታጣራለች። ሕመም ሳይመጣ መንገድ ላይ መጠበቅ ይሉታል ይሄ ነው።

ያላልኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ቢሮውን ትቼ ኡበር መንዳት ስጀምር የጥርስ ኢንሹራንሴም አብሮ ቀረ። እሱም ሲኖር ቢሆን፣ እዚያ አገር የጥርስ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ከፍሎ «በቃኝ» የሚል ነገር ነው። የሽማግሌዎቹ መድን ሜዲኬርም በመደበኛው ሽፋኑ ለጥርስ እጥበት፣ ለሙሌትና ለሰው ሠራሽ ጥርስ አይከፍልም። ጥርስ የሰውነት ክፍል አይደለም የተባለ ይመስል! እ.ኤ.አ. በ2007 ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የ12 ዓመት ልጅ ከተበላሸ ጥርሱ የተነሳው መግል ወደ አንጎሉ ወጥቶ ሞቷል። ያ ጥርስ በጊዜው ቢነቀል 80 ዶላር ገደማ ነበር የሚፈጀው ተብሎ ብዙ ተጽፏል።

የኔን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የታች መንጋጋዬ ተነሳብኝ። ሩት ካናል የሚሉት የስር ሕክምናና ከላዩ የሚደፋው ክራውን አንድ ላይ 2,600 ዶላር ተባልኩ። ማስነቀል ስንት ነው አልኩ። 240። ጥርሴን ነክሼ ወር ብታገስም አልሆነ፤ ሄጄ አስነቀልኩት። ከኋላ ስለሆነ ስስቅ አይታይም። ለአክስቴ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ ነው የምነግረው።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ዙሪያዬን ሳይ ደግሞ ተራ ከሚጠብቁት ሁለቱ የእኔው ቢጤዎች ናቸው፤ ጫማቸውና ውሃ መያዣቸው ያሳብቃል። አንዱ ከዴንቨር ነው የመጣሁት አለኝ። ለዘመድ ሻንጣ ሙሉ ኮልጌት አሸክሞ የመጣ ሰው የራሱን ጥርስ ደሴ ላይ ያስሞላል። ዋጋው ለኛ በዶላር ሲመታ እዚያ ከሚጠይቁን አሥር አንዱን አይሞላም። ለአክስቴ ግን ከጡረታዋ ጋር ሲተያይ ሌላ ሒሳብ ነው። «እኔ እከፍላለሁ» ስላት ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የስር ሕክምናው ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ከምትኖርበት ከገራዶ በዚህ ዝናብ፣ በባጃጅ፣ ቤቱን ለማን ጥላ? አለማወቅ የመሰለኝ ነገር ልክ እንደኔው ስሌት ሆኖ ተገኘ።

ተነቀለ። ሐኪሟ ጥጡን አስነክሳት ስትመክራት ቆየች። የአክስቴ የፊት ጥርሶች በዚህ ዕድሜዋ አንድም አልጎደሉም፤ ዕድሜ ለወይራ መፋቂያ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያን በለመዱ አገሮች እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። «መፋቂያው አይቅርብዎ» አለቻት ሐኪሟ፣ «ግን ኋላ መንጋጋ ድረስ አይደርስም፤ በጥርስ መሐልም አይገባም። ማታ ሲተኙ በጥርስ ሳሙና ይቦርሹ። አረፋውን ትፍ ይበሉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ፤ መድኃኒቱን ያጥቡታል።» ይሄኛውን እኔም አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቦርሼ ስጉመጠመጥ ኖሬያለሁ።

መድኃኒት ያለችው ሳሙናው ውስጥ ያለውን ጥርስ አጠንካሪ፣ ፍሎራይዱን ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ በምትባል የሚሺጋን ከተማ የቧንቧ ውሃ ላይ መጨመር ጀመሩ፤ የሚመክሩት መጠን ዛሬ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው። የመተሐራና የወንጂ ልጆች ደግሞ ይኸው ነገር ከከርሰ ምድር ውሃቸው ጋር በዝቶ እየመጣ ጥርሳቸውን ቡናማ አድርጎታል። አብሮኝ ኡበር የሚነዳ አንድ የመተሐራ ልጅ አለ፤ ተሳፋሪ ሁሉ ሲጋራ አጫሽ ይመስለዋል፤ አንድ ቀን አጭሶ አያውቅም።

ስንወጣ ሐኪሟ «ከስድስት ወር በኋላ ብቅ ይበሉ» አለቻት። አክስቴ ጥጡን እንደነከሰች ወደ እኔ ዞረች። «ሳያመኝ ምን ልሠራ?» ማለቷ ነው።

ማታ ገራዶ፣ ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጇ የታች የፊት ጥርሷ ወልቆ በመዳፏ ይዛ ስትዞር አገኘኋት። እዚያ ማዶ ቢሆን ትራስ ሥር አድርጋ ጠዋት ዶላር ታገኝበት ነበር። እዚህ ጣሪያ ላይ ነው የሚወረወረው። በስልኬ መብራት አፏን ሳይ ከሁሉም ኋላ አዲስ ትልቅ መንጋጋ ወጥቷል፤ መሐሉ ላይ የቁንዶ በርበሬ ስባሪ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለችው።

«የወተት ነው፤ ይወድቃል» አለች እናቷ ቡና እየቆላች።

አይወድቅም። የስድስት ዓመት መንጋጋ የማንንም ቦታ አይወስድም፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላ ተደብቆ ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙ ወላጅ የወተት የሚመስለው። ዕድሜ ልክ የሚታኘክበት እሱ ነው። ገና እንደወጣ ስንጥቆቹን በቀጭን ሙጫ መሰል ነገር መሸፈን ይቻላል። የሴት ልጄን ስድስት ዓመቷ ላይ አሠርቼላታለሁ፤ ያኔ ኢንሹራንሱ ነበረኝ።

እናቷ መቁያውን አስቀመጠች። «ታዲያ ላስነቅልላት?»

«አይ፤ ነገ እናሳያት።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ስታዳምጥ ቆይታ «ይቺኛዋንስ መቼ ነው የምወረውራት?» አለችኝ።

«እሷን አትወረውሪያትም።»

ደስ አላላትም። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ የያዘቻትን አነጣጥራ ወደ ላይ ላከቻት። ቆርቆሮው ላይ ቀጭ ብላ፣ ትንሽ ተንሸራታ፣ አሸንዳው ውስጥ ገባች።