ሥልጣን ከሌለው ሰው ጋር አትደራደሩ

እናንተ የባሕር ዳርና የጣና ዳር የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ እስከ መቼ በሻይ ግብዣ ትደለላላችሁ? የውጭ ባለሀብቱ ሥራ አስኪያጅ «የሠራተኞች ኮሚቴ» አቋቁሞ ሲሰበስባችሁ ማኅበር ያላችሁ ይመስላችኋል። ኮሚቴው ስለ ሰርቪስና ስለ ምሳ ቢነጋገር ደግ ነው፤ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪው ጋር የሚደረገውን ውል ግን አይፈርምም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሚደራደረው የሠራተኛ ማኅበር ነው። ለማቋቋም 10 አባል ይበቃል። ከአንድ ፋብሪካ አሥር ሰው ጠፍቶ ነው?

አውሮፓውያንም ሁለቱን አይደባልቁም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ቢያንስ 1000 ሠራተኛ፣ ከእነዚያም ቢያንስ በሁለት አገሮች በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 150 ያለው ኩባንያ የሠራተኞች ምክር ቤት ሊቋቋምበት ይችላል። ምክር ቤቱ መረጃ ይሰጠዋል፣ ሐሳቡን ይጠየቃል፤ የደመወዝ ድርድር ሥራው አይደለም። እናንተ ደግሞ የምትሠሩት ከኅብረቱ አገሮች ውጭ ስለሆነ ከቆጠራው ውጭ ናችሁ። «ብራስልስ፣ የኅብረቱ መቀመጫ፣ ይሰማናል» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሚሠራው ሌላ ነው። የምትሰፉትን ሸሚዝ አንገት ገልብጡና መለያውን አንብቡ። እዚያ ላይ ያለው ስም የገዢው ነው፣ የፋብሪካው ባለቤት ላይሆን ይችላል። ስሙን፣ የትእዛዙን ቁጥርና ወሩን መዝግቡ። ኤች ኤንድ ኤም እ.ኤ.አ. በ2015 ከዓለም አቀፉ የሠራተኞች ኅብረት ከኢንዱስትሪኦል ጋር የፈረመው ዓይነት ስምምነት፣ አቅራቢ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛም የመደራጀት መብቱ እንዲከበር ይጠይቃል። የናንተም ገዢ እንዲህ ያለ ፊርማ ካለው፣ አቤቱታችሁ ማኅበራችሁ በታቀፈበት ፌዴሬሽን በኩል እዚያ ይድረስ። ወሬ ሳይሆን ቀንና ማስረጃ ያለው ይሁን።

የድርድር ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ረቂቁን አያይዛችሁ ስጡ። ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርም፣ ቀን ይጻፍ፤ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። በመጀመሪያው ስብሰባ ከሰላምታ ቀጥሎ የአሠሪውን ተደራዳሪ ጠይቁት፦ «ለመፈረም ውክልና አለዎት?» መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ይህን ሳታደርጉ ወራት ተከራክራችሁ፣ በመጨረሻ «ዋናው መሥሪያ ቤት አልፈቀደም» ሲላችሁ፣ ውኃ ስትወቅጡ ከረማችሁ ማለት ነው።

መዘግየቱ ለአሠሪው ይጠቅመዋል። ነባር ስምምነት ካላችሁ፣ የማደሻው ድርድር ከማብቃቱ 3 ወር በፊት መጀመር አለበት፤ ስምምነቱ ካበቃ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ፣ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ይወድቃሉ። ዛሬ ከመሳቢያ አውጡትና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ የሚበዛው ሰው ከፈረመ ወዲህ አላየውም።