ይድረስ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ለምትለኝ አፕ

ለ፦ የሳይክል መንገድ መሪ አፕሊኬሽን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዋልካ ውስጥ ስለመቅረቴ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልዎታለሁ። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ጭቃ ውስጥ አብረን ቆመናል፣ ከእንግዲህ አንተ ነህ።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል ልሄድ ነው ስልህ ዓይንህን ሳታሽ መንገድ አወጣህልኝ። ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ መስመር። ችግሩ በፈጣን መንገዱ ላይ ማለፉ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሳይክል እንደማይገባበት መግቢያው ላይ የቆመው ጥበቃ ያውቃል፣ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ታውቃለች፣ ከአጥሩ ወዲህ ፍየል የሚጠብቀው ልጅም ያውቃል። አንተ ብቻ አልሰማህም። ስልኬን ሳሳየው ጥበቃው አልተቆጣኝም፣ አዘነልኝ እንጂ። እሱ ነው የከነከነኝ።

ፈጣን መንገዱን ተወው ስልህ ደግሞ ቂም ያዝክ መሰለኝ፣ ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ በጤፍ ማሳ መሀል አቋራጭ ሰጠኸኝ። በሐምሌ!

ያቺ መስመር ከየት እንደመጣች ይገባኛል። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ኦፕንስትሪትማፕ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ካርታ ነው። አንዱ ደግ ሰው፣ ምናልባት አገራችንን ረግጦ የማያውቅ፣ የሳተላይት ፎቶ ላይ ነጣ ያለች ጭረት አይቶ መንገድ ብሎ ስሏታል። በበጋ እኮ እውነትም መንገድ ናት። እሱን እግዜር ይስጠው። የአንተ ጥፋት ሌላ ነው። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ምንም ያልተጻፈበት መንገድ ሲገጥምህ «አላውቅም» ማለት ሲገባህ «ይሆናል» ብለህ ሰው ትሰዳለህ።

ዋልካ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን ካላወቅህ ልንገርህ። ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑና ሹካው መሀል ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጎማው መዞሩን ያቆማል። መግፋት የለም። ሳይክሉን ከነሻንጣው፣ ከነድንኳኑ ትሸከመዋለህ፣ ጫማህን ደግሞ መሬቱ ይወስደዋል። ይኼ ሁሉ ሲሆን አንተ ኪሴ ውስጥ ሆነህ «ቀጥ ብለህ ሂድ» ትላለህ። 13:40 ላይ ትደርሳለህም ብለኸኛል። በፈረንጅ ሰዓት መሆኑ ነው። ስድስት ልቀንስ ወይስ ልደምር? ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሒሳብ!

ዳገቱንማ ባላነሳው ይሻል ነበር። ብዙዎቻችሁ ከፍታውን የምትወስዱት የአሜሪካ መንኮራኩር በ2000 እ.ኤ.አ. በራዳር ከለካው ነው። ለትልልቁ ተራራ ምንም አይልም። ግን በየ30 ወይም በየ90 ሜትሩ አንድ ቁጥር እየያዘ ስለሚሄድ፣ ወንዝ ላይ ወርዶ ተመልሶ የሚወጣው ትንሽ ጉድባ ሁሉ ይጠፋበታል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ ባቱ 1,600 ምናምን ስለሆኑ ግራፍህ ላይ መንገዱ እንደ ሕፃናት መጫወቻ ሸርተቴ ይወርዳል። ጉልበቴ የቆጠረው ሌላ ነው።

ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ የሱን አፕ ሲያሞግስ አፉን አይከድንም። አንድ ቀን አልተሳሳተም ይላል። እንዴት ይሳሳት? የሚነዳው የዳኑብን ወንዝ ይዞ ነው፣ ዩሮቬሎ 6 በሚሉት ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር በሚዘረጋው የሳይክል መንገድ ላይ። እዚያ ስልኩ ቢጠፋም ታፔላው ይመራዋል። አፕ ልምረጥ የሚል ሰው መጀመሪያ አወዳሹ የት አገር እንደሚነዳ ይጠይቅ።

የክፍያህ ነገርም አለ። ኔትወርኩ ብን ሲል ጠብቀህ «ኦፍላይን ካርታ ለማውረድ ይክፈሉ» ትላለህ። እሺ ልክፈል፣ በምን? ቴሌብር አታውቅም፣ የብር ካርድ አትቀበልም፣ ዶላር አምጣ ነው የምትለው። ጂፒኤሱ እንደሆነ ከሰማይ በነፃ ነው የሚወርደው፣ ዳታም አይጠይቅ። የምትሸጥልኝ ከሥሩ ያለውን ሥዕል ነው፣ እሱንም በጎ ፈቃደኞች የሳሉትን። ድፍረትህ ግን!

ስለዚህ ውሳኔዬን ላሳውቅህ። በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ አድርጌ በቡታጅራ እወርዳለሁ። የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚርመሰመሰው በሞጆ በኩል ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባል ያለ ኔትወርክ የሚሠራ የካርታ አፕ በነፃ ስላለ ካርታውን ቤት ሆኜ አወርዳለሁ፣ መስመሩን ራሴ አጥንቼ ጂፒኤክስ በሚሉት፣ የጉዞ መስመር በሚይዝ ፋይል እጭንበታለሁ። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። የትኛው ጋ እየተቆፈረ እንደሆነ የቡታጅራ ሚኒባስ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ። ዋልካና ክረምትን እስክትለይ አንተ ከተማ ውስጥ ካፌ ፈልግልኝ፣ ከዚያ ያለፈ ኃላፊነት የለህም።

ትናንት ደግሞ «ጉዞህን ወደድከው? 5 ኮከብ ስጠን» ብለህ ላክህልኝ። ያልመለስኩልህ ንቄህ አይደለም። ከሰንሰለቱ ላይ ጭቃ በእንጨት እየፋቅኩ ነበር።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፓወር ባንኬ (ስለ ከንቱ ድካሙ)
ለግራ ጫማዬ፣ ባለበት
ጀርመን ላለው የአክስቴ ልጅ (እንዳይመልስልኝ)