ማስታወሻዬን ለማየት ማንን ላስፈቅድ?

ወገን፣ ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ከባቲ ገበያ መመለሴ ነው። ሰኞ አይደል? ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ፍየል አርቢ ያዘኝና "ሐኪም፣ የኔዎቹን የከተብካቸው መቼ ነበር? ገዢው እየጠየቀኝ ነው" አለኝ። የጻፍኩት ስልኬ ላይ ነው። ስከፍተው የማስታወሻው አፕ ሌሊት ራሱን አድሶ አደረ። "እንደገና ይግቡ" ይለኛል። የይለፍ ቃል ጻፍኩ። አሁን ደግሞ "ኮድ ልከንልዎታል" አለ። ኮዱ አይመጣም። ገበያው ጢም ብሏል፣ ኔትወርኩ ተጨናንቋል። ሰውየው ፍየሎቹን በገመድ ይዞ ቆሞ ያየኛል። በመጨረሻ "ተወው በቃ" ብሎ ሄደ። በገዛ እጄ የጻፍኩትን ሁለት መስመር ማንበብ አቅቶኝ ቀረሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ግን ውጭ ነው። አንድ ሳምንት ኩታበር፣ አንድ ሳምንት ተንታ፣ አንዳንዴ ደላንታ እወጣለሁ። ቢሮዬ የካፖርቴ ኪስ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ኪስ ውስጥ ለ21 ዓመት አንዲት ፓልም ነበረች።

ፓልምን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ። በእጅ የምትያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። አትደውልም፣ ፎቶ አታነሳም። የመጀመሪያዋ በፈረንጆቹ 1996 ነው የወጣችው። የኔዋ ኤም 105 ትባላለች፣ የ2001 ሞዴል። እህቴ በ1994 ዓ.ም. ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ማስታወሻ መያዣዋ ጠቅላላ 8 ሜጋባይት ነው። የምትሠራው በሁለት ቀጫጭን ድንጋይ ነው፣ ሪሞት ውስጥ በሚገባው ዓይነት። ወገልጤናም ብትሄዱ ድንጋዩ ከሱቅ አይጠፋም። አንዴ ከቀየርኩላት ሳምንታት ትቆያለች።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበራት፣ አልደብቅም። ድንጋዩን አውጥተህ አንድ ደቂቃ ያህል ካሳለፍክ የጻፍከው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ድንጋይ አጠገቤ አዘጋጅቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምቀይረው። ግን ይሄንን አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ተነግሮኛል። በ21 ዓመት አንድም ቀን ተዘናግቼ አልጠፋብኝም።

አማርኛ አታውቅም። መደበኛውን ጽሑፍ በላቲን ፊደል ነበር የምጽፈው፣ በብዕሯ እየጫርኩ። "ኤ"ን መሐል ያለውን ሰረዝ ትተህ እንደ ጎጆ ክዳን ትጽፋታለህ። በሁለት ቀን እጅህ ይለምዳል። ከዚያ ሌላ ግን በነፃ የሚጫርበት ገጽ ነበራት። እዚያ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በራሴ ፊደል እጽፍ ነበር። ካርታም እሥልበታለሁ። ወንዙ እዚህ፣ ሾላው እዚህ፣ የተቀበረው እዚህ እያልኩ።

የተቀበረው ምንድን ነው ካላችሁ፣ አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ የገደለው ከብት ነው። ትንሽ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም የብሶቴ ሥሩ እዚህ ጋ ነው። አባ ሰንጋ የገደለው በሬ በድኑ አይከፈትም። ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። ያ ቅርፊት አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ክረምት ጎርፍ አፈሩን ሲያጥበው ወደ ላይ ይወጣል። ከብት ሣሩን ሲግጥ ከአፈሩ ጋር ይውጠዋል። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. የሞተ በሬ የት እንደተቀበረ በ2016 ማወቅ አለብኝ። "እዚህ መስክ ላይ አታሰማሩ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አትቆፍሩ" ለማለት ሌላ መንገድ የለኝም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙ ሰው እኛም ቤታችንን ጥለን ወጣን። ስንመለስ የወረቀት መዝገቦቼ የሉም። ፓልሟ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች። ካርታዎቹ በሙሉ እሷ ጋ ብቻ ቀሩ።

በ2015 የስክሪኗ የላይኛው ግማሽ መስማት አቆመ። በብዕር ብትነካት፣ በጥፍር ብትጫናት አትሰማም። ልጆቼ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ስልክ ገዙልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው። "አባዬ፣ ሁሉንም ወደዚህ አሻግረህ እፎይ በል" አሉኝ።

ማሻገር! ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ልጁ ገመዷን አገላብጦ አየና "ጋሼ፣ ይሄ የሚሰካበት ኮምፒውተር አሁን የለም" አለኝ። እውነቱን ነው። ገመዷ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ የድሮው ሲሪያል ፖርት፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ የለም። ሦስት ሳምንት ጠይቄ አንድ ወዳጄ ቤት ከአልጋ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ተገኘ። የላቲኑ ጽሑፍ ወጣ። የ21 ዓመት ማስታወሻ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሜጋባይት አልሞላም። አዲሱ ስልክ የሚያነሳት አንዲት ፎቶ አራት ሜጋባይት ትበላለች። ይሄን ሳይ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

ስልኩ የሰዎቹን ዝርዝር ሲቀበል ደግሞ "ተመሳሳይ ስሞች አግኝቻለሁ፣ ላዋህድ?" አለኝ። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልሠራውም። የሐይቁን ሰይድ፣ የቢስቲማውን ሰይድና የመርሳውን ሰይድ አንድ ሰው አደረጋቸው። ፓልሟ ላይ እያንዳንዱን ከነቀበሌው ነበር የጻፍኩት። ለመለየት አንድ ወር ፈጀብኝ።

የእጅ ጽሑፉና ካርታው ግን በዚያ መንገድ አልወጣም። ምን ላድርግ? ፓልሟ እያሳየችኝ፣ በአዲሱ ስልክ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳኋቸው። ከሦስት መቶ በላይ ናቸው። ሁለት ሌሊት ፈጀ። ሲያልቅ በጣም ደስ አለኝ። ፓልሟን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ስልኬን ብቻ ይዤ መውጣት ጀመርኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስልኩ "ቦታ ሞልቷል፣ ላስለቅቅ?" ብሎ ጠየቀ። ፎቶዎቹ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ ውስጥ፣ በደህና ተቀምጠዋል ይላል። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልተነገረኝም። ፎቶው ከስልኩ ይወጣል፣ ትንሽ ደብዛዛ ምስል ብቻ ይቀራል፣ ዋናውን ለማየት ኢንተርኔት ያስፈልጋል ማለት ነበር።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋረጠ። ታስታውሳላችሁ፣ ለወራት ነው የቆየው። እኔ ለፌስቡኩ አልተጨነቅኩም። አንድ ጠዋት ግን አንድ ገበሬ ሮጦ መጣ። በሬው ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ወድቆ ተገኘ። ሆዱ ተነፍቷል፣ በአፍንጫው ጥቁር ደም ይፈሳል፣ ደሙ አይረጋም፤ የአባ ሰንጋ ምልክት ነው። ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ቢላዋ ተስሏል። ሥጋው ከሚባክን እንካፈለው ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ አስቆምኳቸው።

ከዚያ የት ይቀበር? ሌሎቹ ከብቶችስ ከየት ይራቁ? እዚያው አካባቢ ድሮ የቀበርነው እንዳለ አውቃለሁ። ሥዕሉን በእጄ የሣልኩት እኔ ነኝ። ስልኬን አወጣሁ። ፎቶውን ነካሁ። ደብዛዛ ነገር መጣ፣ መሐሉ ላይ ክብ ይሽከረከራል። ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። "ግንኙነት የለም" አለ። ፓልሟ ደሴ፣ መሳቢያ ውስጥ ናት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ያዳኑን አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ ያኔ እኔም ነበርኩ፣ ከሾላው ወዲህ ነው" ብለው በዱላቸው አሳዩኝ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ባይኖሩስ? ይሄ ጥያቄ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ላም ስመረምር እስከ ክንዴ ጓንት አጥልቄ ነው፣ አዲሱ ስክሪን ጓንት አይሰማም። እጄ ሲረጥብ በራሱ ይዘላል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ደረቅ እጅ የለም። ፓልሟን በጓንትም፣ በእንጨት ቁራጭም፣ በጥፍርም ስትጫናት ትታዘዛለች። ባቲ ፀሐይ ላይ የአዲሱን ስክሪን ለማየት ኮቴን አናቴ ላይ እሸፍናለሁ። የፓልሟ ጥቁርና ግራጫ ስክሪን ፀሐይ ሲመታው ይብስ ይነበብ ነበር። ተንታ ሦስት ቀን ስቆይ ቻርጅ ፍለጋ ሶላር ያለው ቤት አንኳኳለሁ። እሺ፣ ይሁን።

ፍትሐዊ ልሁን። አዲሱ ስልክ ላይ በፊደሌ መጻፌ ትልቅ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ እኔ እጅ ላይ የደረሰው ግን አሁን ነው። የታመመ በግ አፍ ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለ ባልደረባዬ ስልክለት በአሥር ደቂቃ ምክር ይመጣል። ይሄን ፓልም አታደርገውም። ግን ፊደሉም ቢሆን ሙሉ አይደለም። "ሐይቅ" ብዬ የጻፍኩትን "ሀይቅ" ብዬ ስፈልግ "ምንም አልተገኘም" ይለኛል። ማንኛችንም ሀ እና ሐን ሁልጊዜ ለይተን አንጽፍም። አማርኛ አንባቢ ያየው ሰው ይሄን በአንድ ቀን ያስተካክለው ነበር። የቀን መቁጠሪያውም የፈረንጅ ነው። ፓልሟም የፈረንጅ ነበረች፣ ያኔ ግን ሁለት ድንጋይና 8 ሜጋባይት ብቻ ነበራት።

የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነው። የጻፍኩት እኔ፣ ስልኩ የኔ፣ ቆሜ ያለሁት በሬው ሬሳ ላይ። ታዲያ ሩቅ አገር ያለ ማሽን "ማነህ?" እያለ ለምን በሩን ይዘጋብኛል?

ፓልምን የፈጠረው ጄፍ ሐውኪንስ የሚባል ሰው ነው። ከመሥራቱ በፊት በልኳ እንጨት ጠርቦ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲኖረው እንጨቷን አውጥቶ የሚጽፍ መስሎ ይሞክራት ነበር። ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲሄድ ምን ይፈልጋል ብሎ ነው የጀመረው። የአሁኖቹስ እነማን ኪስ ውስጥ ሞክረውት ነው? ጥሩ ዋይፋይ ያለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ኪስ ውስጥ ይመስለኛል። ኩታበር ጭቃ ላይ ቢሞክሩት ኖሮ ማስታወሻ ያለ ኔትወርክ አይከፈትም የሚል ነገር አይወልዱም ነበር።

እናንተ ደሴም ኮምቦልቻም አፕ የምትሠሩ ልጆች ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። እባካችሁ ስሙኝ። መጀመሪያ የተጻፈው ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲገኝ ቅጂው ይላክ። "ላስለቅቅ?" ስትሉ ምን እንደሚወጣ በግልጽ አማርኛ ንገሩን። መግቢያውን የምትጠይቁን ቤታችን ቁጭ ስንል ይሁን፣ ገበያ መሐል አይሁን።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ካርታዎቹን አውርጄ በወረቀት አሳትሜያለሁ። በላስቲክ ጠቅልዬ እይዛቸዋለሁ። ፓልሟንም ድንጋዩን እየቀየርኩ እስካሁን በሕይወት አቆይቻታለሁ። የጻፍኩት ሁሉ ውስጧ አለ፣ መንካት ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

ስለዚህ ወገን፣ ልመናዬ ይሄ ነው። መሳቢያችሁ ውስጥ ስክሪኗ ደህና የሆነች ኤም 105 ያላችሁ፣ ወይም አባታችሁ ያስቀመጧት፣ ጻፉልኝ። ኤም 100 ከሆነች ማስታወሻ መያዣዋ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ለኔ ግን ይበቃል። ዋጋ አልከራከርም፣ ወልድያም ብትሆን መጥቼ እወስዳለሁ። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ጨረር፣ አሻግራለሁ። ለዚያ ኢንተርኔትም፣ አካውንትም፣ ኮድም አያስፈልግም። አራት ድንጋይ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እሱን ዛሬ ከባቲ ስመለስ ገዝቻለሁ።