ከመወጣጫው የወደቀውን ማን መዘገበው?

ሰሞኑን ከጎጃም ዞኖች በአንዱ በተካሄደ የግማሽ ዓመት ግምገማ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩትን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሪፖርት የተደረገው የሥራ ላይ አደጋ ከአምናው ቀንሷል፣ ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጤት እያመጣ ነው፣ የቀረው ችግር የሠራተኛው ግዴለሽነት ነው አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ።

ከመጨረሻው ልነሳ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው ላይ በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ከተጠያቂነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባት በዚሁ ይመደባሉ። «ግዴለሽ ነበር» የሚል ማምለጫ ሕጉ ውስጥ የለም። ለመሆኑ መመሪያውን ማን ሰጠውና ነው የጣሰው? ሄልሜት ሳይሰጠው፣ ጓንት ሳያይ፣ በኮንጎ ጫማ፣ በሚስማር በተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲሚንቶ የሚሸከምን ልጅ ግዴለሽ ብሎ መጥራት ነውር ነው። ሕጉን እንዲያስፈጽም የተሾመ ሰው ሲናገረው ደግሞ ከነውርም ያልፋል።

የቁጥሩ ነገር ከዚህም ይብሳል። አንቀጽ 92 አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅን ግዴታ የጣለው በራሱ በአሠሪው ላይ ነው። ካሳውን የሚከፍለውም፣ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ካሳወቀ ጣጣ ይከተለዋል፤ ዝም ካለ የሚመጣበት የለም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ አደጋ ቀነሰ ማለት ሌባውን ጠይቆ ስርቆት ጠፍቷል ብሎ እንደማወጅ ነው።

እስኪ ማለዳ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ የቀን ሠራተኛ የሚሰበሰብበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ከማቻከል፣ ከአነደድ፣ ከስናን ገጠሮች የመጡ ወጣቶችን ፎርማኑ በጣቱ እየጠቆመ ይወስዳቸዋል። ስማቸውን የሚጽፍ የለም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ይስጥ ይላል ሕጉ፤ በ15ኛው ቀን ግን ልጁ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። የወደቀ ዕለት በባጃጅ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤተሰቡ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹን አልወቅስም፤ ቤተሰቡ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው የሚደክሙት። ነገር ግን «ከእንግዲህ አልከስም» ብሎ አሻራውን ሲያሳርፍ የሚሰጡት ገንዘብ ከመብቱ ጋር አይገናኝም። አዋጁ እያገገመ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለው ይላል። ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ ደግሞ የአምስት ዓመት ደመወዙን ያሰላለታል። ይህን ማን አነበበለት? በእርቅ የተዘጋው ጉዳይስ የትኛው ሪፖርት ላይ ሰፈረ? ኃላፊው ቀነሰ ያሉት እንዲህ ከመዝገብ የቀሩትን ሳይቆጥሩ ነው። በካባ ሥራ የድንጋይ አቧራ ሲተነፍስ ኖሮ ሳንባው ከዓመታት በኋላ የሚታመመውማ ከነጭራሹ ትዝ የሚለው የለም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ጎደሎ ነው አልልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ነው ይላል፤ ዓለም አቀፉን የሥራ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 155 ካጸደቅን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር ተቆጣጣሪ ገጠር ወርዶ እርሻና ካባ ማየት አልቻለም ቢባልም እቀበላለሁ። ከቢሮው በእግር የሚደረስበትን ሕንፃ እንዳያይ ያገደው ግን ምንድን ነው? መወጣጫው ከመስኮቱ ይታያል።

ቁጥጥር ቢጠብቅ ባለሀብት ይሸሻል፣ ሥራ ይጠፋል የሚሉም አሉ። የጓንት ዋጋ የሚያባርረው ባለሀብት ሕንፃውን በምን ገንዘብ ሊጨርሰው ነው? ሠራተኛው ካልተመቸው ይልቀቅ የሚለው ደግሞ ያሳፍራል። አሠሪው የተነገረውን አስጊ አደጋ ካላስወገደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል አዋጁ ፈቅዷል፤ በየማታው ውሉ ለሚያልቅ የቀን ሠራተኛ ይህ ፈቃድ የሚጨምርለት ነገር የለም። የሚጠቅመው ሳይወድቅ በፊት ደርሶ ሥራውን የሚያስቆምለት ተቆጣጣሪ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ግምገማ ኃላፊው ሌላ ቁጥር ይዘው ይቅረቡ። ተቆጣጣሪዎቻቸው ስንት ሕንፃ ላይ ወጡ? ስንቱን አስቆሙ? ስንት አሠሪ ተቀጣ? በአጥንት ስብራት ሆስፒታል ከገቡት መካከል ሥራ ላይ ሳሉ የተጎዱት ስንት እንደሆኑ ሆስፒታሎቹን ጠይቀው፣ ከአሠሪዎቹ ሪፖርት ጎን ያስቀምጡት። ቀነሰ አልቀነሰም የሚለውን ያኔ እንነጋገርበታለን።