ለኦርፊየስ ክራር ስጡት

ደሴ ላይ የግሪኮቹን የኦርፊየስ አፈ ታሪክ በሮክ ሙዚቃዊ ድራማ ልታቀርቡ መሆኑን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። በርቱ ልጆች! አንድ ነገር ግን አደራ። ሙዚቀኛው ኦርፊየስ የሚጫወተው ሊራ የሚባል የክር መሣሪያ የክራር ዘመድ ነው። ስለዚህ ክራር አስይዙት፤ በኤሌክትሪክም ቢሆን ችግር የለውም። ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን አገር ሲወርድ ዜማው በአንቺሆዬ ቅኝት ይሁንለት። እነዚያ የተጠጋጉ ድምፆች ጭንቀቱን ያወጡታል፤ ጊታርም አያቅተውም። ዞረህ እንዳታያት ተብሎ ሳለ ዞር ብሎ ሲያያትና ለዘላለም ሲያጣትስ ከትዝታ ሌላ ምን ይዘፈናል? እዚያ ላይ ድራሙ ዝም ይበል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶችም አሉላችሁ፤ ወሎ ተቀምጦ የውጭ ዜማ መቅዳት ምን ያደርጋል? ብቻ ግጥሙ ይሰማ። ድምፅ ማጉያው ግጥም ሲውጥ ያመኛል። ለተማሪዎችም ቀን ላይ አሳዩልን።