ሃይ ባይ ያጣ ዳይሬክተር

የካውቦይ ፊልም በከሸፈ ቁጥር «ዘመኑ ያለፈበት ነገር ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተመልካችን ክፉኛ ካሳዘኑት መካከል ቢያንስ ሁለቱን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው ጥፋቱ የዳይሬክተሩ ነው፤ ቀድሞ ያገኘው ክብር በዙሪያው «ይበቃል» የሚለውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኝቶበታል።

ማይክል ቺሚኖ «ዘ ዲር ሀንተር» በተሰኘው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1979 በምርጥ ዳይሬክተርነት ኦስካር ሲሸለም፣ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው የፊልም ኩባንያ «ሄቨንስ ጌት» የተሰኘውን የካውቦይ ፊልም በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲሠራ ፈቅዶለት ነበር። ቀረጻው ሞንታና ውስጥ በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ሥራው አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ለፊልሙ የተሠራው መንገድ ጠበበኝ ባለ ጊዜ፣ አንዱን ወገን ማፍረስ እየበቃ ግራና ቀኙ ፈርሶ እንደ አዲስ እንዲሠራ ማድረጉ እስካሁን ይወራል። በመጨረሻ ወጪው ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህን እንኳ ይቅር ማለት ይቻላል፤ ገንዘቡ የኩባንያው ነው፣ ተመልካች የሚከፍለው ያው የትኬቱን ነው።

ይቅር ለማለት የሚከብደው ፊልሙ በተነሣበት እውነተኛ ታሪክ ላይ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በዋዮሚንግ፣ ጆንሰን ካውንቲ፣ ባለጸጋ ከብት አርቢዎች «ከብት ሌባ» ያሏቸውን ሰዎች ለመግደል ከቴክሳስ ታጣቂ ቀጥረው ዘመቱ። ኔት ቻምፒየን የተባለው ካውቦይ በጎጆው ተከቦ ሲተኮስበት ሲውል የሚደርስበትን በማስታወሻው ይጽፍ ነበር፤ ቤቱን ሲያቃጥሉበት ሮጦ ሲወጣ ገደሉት። የአካባቢው ሕዝብ በበኩሉ ገዳዮቹን ከቦ ሊጨርሳቸው ሲል፣ በፕሬዚዳንት ሃሪሰን ትእዛዝ የመጣ የፌዴራል ፈረሰኛ ጦር አተረፋቸው። ለሲኒማ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከወዴት ይመጣል? ቺሚኖ ግን ቻምፒየንን የከብት አርቢዎቹ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ አደረገውና፣ ሁለት ወንዶች አንዲትን ሴት በሚሻሙበት የፍቅር ታሪክ ውስጥ ከተተው።

ፊልሙ ውበት አልጎደለውም። ወጣቱ ቫዮሊን ተጫዋች በባለ ጎማ ጫማ እየተንሸራተተ አዳራሹን ብቻውን ሲዞር፣ ከዚያም መንደርተኛው ሁሉ ተከትሎት ሲጨፍር የሚታይበትን ትዕይንት እኔ ደግሜ ባየው አልጠግበውም። ሆኖም በዚያው አዳራሽ ሊገደሉ የታሰቡት 125 ሰዎች ስም ሲነበብ፣ ከሚጠሩት መካከል በፊልሙ ያወቅናቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አቧራውን፣ ጭሱንና የሕዝቡን ብዛት ለማሳየት ያን ያህል ሰዓት የነበረው ዳይሬክተር፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹን ቤታቸው ገብቶ ለማስተዋወቅ ጊዜ አጣ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1980 ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ የፈጀው ፊልም በሐያስያን ተብጠለጠለ፤ ኩባንያው በሳምንቱ አንስቶ፣ በተከታዩ ዓመት ወደ 149 ደቂቃ አሳጥሮ ቢመልሰውም አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ1981 ኩባንያው ራሱ ኤምጂኤም ለተባለው ሌላ የፊልም ኩባንያ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቬኒስ ላይ የታየው የታደሰው ረጅም ቅጂ በአጭሩ ከታየው እጅግ ይሻላል፤ ስለዚህ ርዝመቱን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሃይ ባይ ያስፈልግ የነበረው ገና ድርሰቱ ሲጻፍ ነው።

ተዋናይና ዳይሬክተሩ ኬቪን ኮስትነር ሰባት ኦስካር ያገኘውን «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» የሠራ ሰው እንደመሆኑ የቺሚኖን ታሪክ አያውቅም ማለት አይቻልም። በክፍል በክፍል እንዲወጣ ባሰበው የካውቦይ ፊልሙ በ«ሆራይዘን» ግን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከራሱ ኪስ ስላወጣ፣ የሚቆጣጠረው ኩባንያም በቅጡ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የወጣው ክፍል አንድ ከአንዱ ሰፈርና ቤተሰብ ወደ ሌላው እየዘለለ ሦስት ሰዓት ይሄድና፣ በማብቂያው የክፍል ሁለትን ቅንጫቢ እንደ ማስታወቂያ ያሳያል። ገቢው ስላሽቆለቆለ ክፍል ሁለት በነሐሴ ሊወጣ ከተያዘለት ቀን ተነሣ። ኮስትነር ከእነዚያ ሁሉ ቤተሰቦች አንዱን መርጦ በክፍል አንድ ታሪኩን ቢቋጭለት ኖሮ፣ ተመልካቹ ለሁለተኛውም ትኬት ይቆርጥ ነበር ባይ ነኝ።