ጥያቄው አይቅለል፣ እርዳታው ይጨመር

ለተማሪዎች ስለሚሰጡ ጥያቄዎች ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «ተማሪዎች እንዳይጨነቁ ጥያቄዎቹ ይቅለሉ» ያሉት አልተዋጠልኝም። ጭንቀቱ እውነት ነው፣ እስማማለሁ። ግን ሁልጊዜ ቀላል ሥራ ብቻ የሚሰጠው ልጅ «አስተማሪዬ እንደማልችል ወስኗል» ብሎ ነው የሚረዳው። ማንም ባይነግረውም ይገባዋል።

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው) ልጅ ብቻውን መሥራት በሚችለውና በሰው እገዛ መሥራት በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት አጥብቆ ያየው ነበር። ትምህርት የሚያድገው እዚያ ላይ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ልጁ እየቻለ ሲሄድ እገዛው ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት አሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እርማቱ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ብቻ የተሞላ ደብተር ለልጁ ምን ይነግረዋል? «ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱን ቀይረኸዋል፣ ከዚያ ቀጥል፤ እንደምትደርስበት አውቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ስህተቱንም መውጫውንም ያሳየዋል። ከዚያ አስተካክሎ መልሶ እንዲያስረክብ ይፈቀድለት። ያለዚያ አስተያየቱ ተነቦ ይቀራል።

ጎበዞቹም አይረሱ እንጂ። ቶሎ ለጨረሰ ልጅ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ መደራረብ ቅጣት ነው። ጠለቅ ያለ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል።

ክፍሉ በተማሪ ሲጨናነቅ ይህ ሁሉ እንደሚከብድ ይገባኛል። ቢያንስ በየሳምንቱ ለጥቂት ተማሪዎች ተራ እያስያዙ እንዲህ ያለ አስተያየት መጻፍ ይቻላል። ጸሐፊው በቀጣይ ስለ እርማት ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።